ለጉራ ሦስት ሚሊዮን፣ ለቆሻሻ ዐሥር ካውንስል

ማንቸስተር ስንት ሰው ይኖርባታል ብላችሁ አትጠይቁን። የምር አትጠይቁን። እዚሁ የምንኖረው፣ ዝናቧ የሚወርድብን፣ ግብሯን የምንከፍለው፣ ትራሟን ቆመን የምንሳፈረው እኛም አናውቀውም። አለማወቃችን ከስንፍና አይደለም፤ መልሱ አራት ስለሆነብን ነው። አራቱም ትክክል ነው፤ አራቱም ከመንግሥት መዝገብ የወጣ ነው።

በ2021 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የማንቸስተር ከተማ ነዋሪ 552 ሺህ ገደማ ነው ተባለ። እሺ አልን። በዚያው ቆጠራ «ታላቋ ማንቸስተር» የሚባለው ካውንቲ 2 ሚሊዮን 868 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ ተገኘ። ይሁን፣ ከተማና ካውንቲ ይለያያል አልን። ከዚያ በፊት በ2011 የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የአስተዳደር ወሰንን ትቶ ቤት ከቤት የተያያዘበትን ሁሉ አንድ ላይ ሲቆጥር 2 ሚሊዮን 553 ሺህ አግኝቶ ነበር። ይህንንም ዋጥነው። በ2021 ያው መሥሪያ ቤት የአቆጣጠር ዘዴውን ቀየረ። የተያያዘውን ሁሉ መልሶ በየስሙ ቆራረጠውና ማንቸስተር ወደ 470 ሺህ ሆና ቁጭ አለች።

ልብ በሉ። በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ሰው ከመዝገብ ተነነ። ጦርነት የለ፣ ረሃብ የለ፣ የተሰደደ የለ። ሁሉም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ነበር። በዚህኛው ስሌት ሊድስም ሊቨርፑልም ማንቸስተርን ይበልጧታል። የሊቨርፑል ደጋፊዎች ይህን የሰሙ ቀን ወዮልን።

ስፋቷስ? እሱም ያው ነው። ከተማዋ 116 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የ2011ዱ የተያያዘ ከተማ 630። ካውንቲው 1,276። ሰው የሚኖርበትን ቦታ ስፋት ሲጠየቅ «የትኛውን?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ጠያቂው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሄ ሰው ወረቀት የለውም።

አንዷ አክስታችን ከአዲስ አበባ ደውለው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ይሄ ማንቸስተር የምትሉት አዲስ አበባን ያህላል?»

«እንደ አቆጣጠሩ ነው እትዬ።»

«እንደ አቆጣጠሩ ማለት ምን ማለት ነው? ሰው አይደል እንዴ የሚቆጠረው?»

ምን ይመለሳል? ሰውማ ነው የሚቆጠረው። ግን በ2011ዱ ደንብ መጀመሪያ የሚለካው ሜዳው ነው። በሁለት ሰፈሮች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከ200 ሜትር ካነሰ አንድ ከተማ ናችሁ፤ ከበለጠ ባዳ ናችሁ። ላም የምትግጥበት አንዲት ሜዳ ዜግነት ትወስናለች ማለት ነው። ዊጋንን ውሰዱ። ዊጋን ከታላቋ ማንቸስተር ዐሥር ወረዳዎች አንዱ ነው፤ እያንዳንዱ ወረዳ ካውንስል የሚባል የራሱ አስተዳደር አለው። ዊጋን ለታላቋ ማንቸስተር የጋራ ከንቲባም ድምፅ ይሰጣል። በ2011ዱ ስሌት ግን ዋናው የዊጋን ከተማ ከተያያዘው ከተማ ውጭ ነው፤ 175 ሺህ ገደማ ሰው ይዞ ለብቻው ተቆጠረ። ወዲያ ማዶ ደግሞ ዊልምስሎው የምትባል ከተማ አለች። ቼሻየር ውስጥ ናት፤ ግብሯን ለቼሻየር ትከፍላለች፤ የማንቸስተሩን ከንቲባ አትመርጥም። እሷ ተቆጥራለች! የኳስ ተጫዋቾች ቪላ የሚደረደርበት አልደርሊ ኤጅም ተቆጥሯል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካውንቲው ሲረቀቅ ዊልምስሎውን ሊያስገቧት አስበው ነበር፤ ነዋሪዎቿ ከእነዚያ ጋር አንድ ላይ አታድርጉን ብለው ጮኸው ቀሩ። አንፈልጋችሁም ያሉን ተቆጠሩልን፤ ከእናንተው ነን ያሉት ከሜዳው ማዶ ቀሩ።

ይህ ሁሉ ባልከፋን ነበር፤ ቁጥር ነው፣ አይበላም አይጠጣም። እኛን ያንገበገበን ቁጥሩ የሚለጠጥበትና የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። «የእንግሊዝ ሁለተኛዋ ከተማ ማናት?» የሚል የቆየ ንትርክ አለ። በርሚንግሃም ከተማዋ ብቻዋን 1 ሚሊዮን 145 ሺህ ገደማ ሰው አላት፤ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይገባው ነበር። አላለቀም። የማንቸስተር ሰዎች የ2011ዱን መዝገብ ይመዝዛሉ፦ «ወሰን ምን ያደርጋል? ቤት የተያያዘበት ሁሉ እኛ ነን፤ የእናንተ የተያያዘው 2 ሚሊዮን 441 ሺህ ነው፣ የእኛ ይበልጣል።» ባለሀብት ሲጠራ «ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ያለበት ገበያ» ይባላል። ያን ጊዜ ቦልተንም እኛ ነን፣ ሮችዴልም እኛ ነን፣ ኦልደምም እኛ ነን። በነጋታው ከእኛ አንዱ የቤት ጥያቄ ይዞ ሲሄድ፣ ትምህርት ቤት ሲፈልግ፣ የተቆፈረ መንገድ ሲያመለክት፣ «ይሄ የእኛ አይደለም፤ ከመንገዱ ወዲያ ያለው የሌላ ካውንስል ነው» ይባላል። ከተማችን ነጠላ ሆናለች። ለበዓል ይዘረጓታል፤ ሥራ ሲመጣ አጣጥፈው ያስቀምጧታል።

ከሁሉ የሚያበግነው ቢኑ (የቆሻሻ መጣያው) ነው። ቆሻሻ እንኳ በዚህ ከተማ እንደ ሰው አልተከበረም ልንል ፈልገን ነበር፤ እውነቱ ግን ቆሻሻው ከእኛ ይሻላል፣ ወደዚያ እንመጣለን። ማንቸስተር ውስጥ አረንጓዴው ቢን የምግብ ትርፍራፊና የጓሮ ሣር ነው። ወደ በሪ ቤት የቀየረ ሰው አረንጓዴው ለወረቀትና ለካርቶን መሆኑን ይማራል። ስቶክፖርት ጥቁሩ የማይረባው ሁሉ የሚጣልበት ነው፤ ትራፎርድ ጥቁሩ የጠርሙስ፣ የጣሳና የፕላስቲክ ነው። ቦልተን ደግሞ ከነአካቴው የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቢን አምጥታ ጠርሙሱን እዚያ አድርጉ ትላለች። ቤት የቀየረች እናት ሽንኩርት ልጣጭ በእጇ ይዛ፣ በዝናብ፣ አራት ቢን ፊት ለፊት ቆማ ስታስብ አይተናል። ከተሳሳተች ሠራተኞቹ ቢኑን አያነሡትም፤ እጀታው ላይ ወረቀት አስረውበት ይሄዳሉ። ወረቀቱን ጎረቤት ሁሉ ያነብበዋል።

እንግዲህ ጉዱ። ያ በየወረዳው በየቀለሙ ሲለይ የከረመ ቆሻሻ ከቤታችን ከወጣ በኋላ የሚስተናገደው በአንድ ላይ ነው! ከዐሥሩ ወረዳዎች የዘጠኙን ቆሻሻ ማስወገድ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ዊጋን ብቻ እንደ ልማዷ ለብቻዋ ናት። በሌላ አነጋገር ቆሻሻችን ከተዋሐደ ቆይቷል። ያልተዋሐድነው እኛ ነን።

ጥፋቱ የዛሬ አይደለም። ይህ አገር በጥጥ የበለጸገ ጊዜ እያንዳንዷ ትንሽ ከተማ የራሷን ፋብሪካ ተከለች፣ የራሷን ማዘጋጃ ቤት አነጸች፣ የራሷን ኩራት አሳደገች። ቤቶቹ እየተገፉ ሄደው ተገናኙ፤ ኩራቶቹ ግን እስከ ዛሬ አልተገናኙም። ማንቸስተር ራሷ በ1931 ወደ 766 ሺህ ሰው ነበራት። ከዚያ የተጎሳቆሉ ሰፈሮቿን አፈረሰችና ሰዎቿን ከወሰኗ ውጭ ቤት እየሠራች አሰፈረቻቸው፤ ሚድልተን ውስጥ ላንግሊን፣ ሃይድ ውስጥ ሃተርስሊን ሠራች። የራሷን ሰው በሰው ሜዳ አስፍራ፣ ሕዝቤ ቀነሰ ብላ አለቀሰች። በ1974 መንግሥት ሁሉንም ጠቅልሎ ታላቋ ማንቸስተር አለው። በ1986 የካውንቲውን ምክር ቤት አፈረሰና ካውንቲውን ያለ ራስ ተወው። በ2011 ዐሥሩ ተጣምረው አንድ የጋራ አካል አቆሙ፤ በ2017 አንዲ በርነም የጋራ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በዚህ መካከል ከንቲባው በዛ። ሳልፎርድ ላይ የሚኖር ወዳጃችን የጋራው ከንቲባ አለው፣ ሳልፎርድን የሚያስተዳድር በሕዝብ የተመረጠ ሌላ ከንቲባ አለው፣ ሪባን የሚቆርጥ የክብር ከንቲባ ደግሞ አለው። ሦስት ከንቲባ ያለው ሰው ደጃፉ ላይ ያለው ጉድጓድ ገና አልተደፈነም።

ስለ ሳልፎርድ ካነሣን አይቀር። ማንቸስተር መሐል ዲንስጌት ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ጥቂት ብትራመዱ ኢርዌል የሚባል ወንዝ ታገኛላችሁ። ወንዝ ነው ተባለ እንጂ ዓባይ አይደለም፤ ጠባብ፣ ቡናማ፣ በግንብ የታጠረ ውኃ ነው። ድልድዩን መሻገር ስልክ አንሥቶ «ሄሎ» እስኪሉ ድረስ ያልቃል። ተሻገራችሁ? በቃ ማንቸስተር ውስጥ የላችሁም። ሳልፎርድ ከተማ ናችሁ፤ በ1926 የከተማ ማዕረግ የተሰጣት፣ የራሷ ካውንስል፣ የራሷ ካውንስል ታክስ፣ የራሷ የቤት ተራ ጠባቂ መዝገብ ያላት። ወዲህ ማዶ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ወዲያ ማዶ ያለውን ባዶ ቤት ከመስኮቱ ያየዋል፤ ማየት ይችላል።

ኳሱም አልተረፈም። አገር ቤት ስንት ሰው ነው «ማንቸስተር!» እያለ ቡና ቤት ውስጥ ወንበር የሚሰብረው? ኦልድ ትራፎርድ ያለው እኮ ትራፎርድ ወረዳ ነው። የማንቸስተር ካውንስል ምድር ላይ አይደለም። ማንቸስተር ዩናይትድ በ1878 የተመሠረተው ዛሬ ማንቸስተር ውስጥ ባለው ኒውተን ሂዝ ነው፤ በ1910 ወደ አሁኑ ሜዳው ገባና በወሰን አቆጣጠር ወጣ። የሲቲ ደጋፊዎች ይህችን ነገር እንደ ጸሎት ይደግሟታል። በ2009 ካርሎስ ቴቬዝ ከዩናይትድ ወደ ሲቲ ሲዛወር፣ «እንኳን ወደ ማንቸስተር በደኅና መጣህ» የሚል ትልቅ ሰማያዊ ማስታወቂያ መሐል ከተማ ሰቅለው የአንድ ዓመት ሣቅ ሣቁበት። የእኛዎቹም ጀግኖች በዚህ ወሰን ተመላልሰዋል፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ጥሩነሽ ዲባባ ደጋግመው ያሸነፉት የማንቸስተር የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ መንገዱ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ወርዶ ይመለሳል። ከማንቸስተር ወጥተው ማንቸስተር ገብተው ማንቸስተርን አሸነፉ። አገር ቤት ያላችሁ የዩናይትድ ደጋፊዎች፣ ይህን ጽሑፍ ለአርሰናል ደጋፊ አታሳዩ።

አድራሻ ደግሞ አለላችሁ። ፕሬስትዊች የሚኖር ሰው ደብዳቤው «ማንቸስተር» ተብሎ ይመጣለታል፤ ካውንስሉ ግን በሪ ነው። ኦልትሪንካም የሚኖረው ፖስት ኮዱ የዋሪንግተን ነው፤ ዋሪንግተን ካውንቲው ውስጥ እንኳ የለችም። ስልኩ ሌላ ጣጣ፦ ቦልተን የራሷ መነሻ ቁጥር፣ ሮችዴል የራሷ፣ ዊጋን የራሷ። አየር ማረፊያው ሳይቀር የማንቸስተርን ስም ይዞ ከፊል አካሉ ቼሻየር ላይ ተጋድሟል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2018 ጀምሮ ወደዚህ ይበርራል፤ እንግዳ ልንቀበል ስንሄድ «ማንቸስተር ደረስሁ» የሚለን ሰው የትኛው መንደርደሪያ ላይ እንዳረፈ ሳናጣራ እሺ እንላለን። ዘመድ ነው፣ አንጨቃጨቅም።

ትራሙን አመስግነን እንለፍ ብንል አላስቻለንም። በ1992 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ቦታ ደርሷል፤ እውነት ነው። ወደ ደቡብ ኢስት ዲድስበሪ ድረስ ይመጣል። ስቶክፖርት ከዚያ ጥቂት ወዲያ ናት። ትራሙ ግን እዚያው ቆሞ ይመለሳል። ቦልተን ትራም የላትም፣ ዊጋን የላትም፣ ስቶክፖርት የላትም። የካውንቲው ሕዝብ ሲቆጠር ግን ሦስቱም አሉ። ባሱ ከ1986 ጀምሮ በየኩባንያው ተበታትኖ አንዱ የሸጠውን ትኬት ሌላው ሲመልስብን ኖረን፣ በጥር 2025 ሁሉም ቢጫ ቀለም ተቀብቶ በአንድ አስተዳደር ሥር ገባ። ይህቺን አልካድንም። ቢጫ ስለሆነ ግን ከሩቅ ይታያል፤ ያመለጠንን ባስ አሁን ረዘም ላለ ጊዜ እናየዋለን።

ከባሱ በፊት ደግሞ ከተማዋ አንድ ሆና የተገኘችበት ሌላ ጊዜ ነበር። ቅጣት ሊጣል ሲል! ንጹሕ አየር ቀጣና ተብሎ 1,276ቱም ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ዐሥሩም ወረዳ፣ ከሜዳው ከበጉ ከኮረብታው ጋር በአንድ ክልል ሊታጠር ተወሰነ። ያረጀ ቫን ያለው በቀን 10 ፓውንድ፣ ያረጀ ታክሲ ያለው 7 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል ተባለ። በግንቦት 2022 መጨረሻ ሊጀመር ምልክቱ በየመንገዱ ተተከለ፣ ካሜራው ተሰቀለ። ወሰን አያግደንም፣ ሁላችንም አንድ ነን! ቫን ነጂው ጮኸ፣ ታክሲ ነጂው ጮኸ፣ ነገሩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ቆመ። ምልክቶቹ ላይ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ወረቀት ተለጠፈባቸው፤ ወረቀቱም በዝናብ ተላጠ። በ2025 መጀመሪያ ያለ ክፍያ ይሁን ተባለ። አንድ ያደረገን ነገርም እንዲያ ቀረ።

ታክሲ ካልን፣ ሌሊት ከሥራ ስትወጡ የሚመጣላችሁን መኪና በር እዩት። «ዎልቨርሃምፕተን» የሚል ተለጥፎበታል። ዎልቨርሃምፕተን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወዲያ፣ በበርሚንግሃም በኩል ያለች ከተማ ናት። ፈቃዱ እዚያ በቶሎና በርካሽ ይገኛል፤ ሕጉም ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ሄዶ ከዚያ ያወጣዋል። ከእኛም ልጆች ያወጡ አሉ፣ አልፈረድንባቸውም። ግን አስቡት፤ ሳልፎርድ ድልድዩን ተሻግሮ ቤት ማግኘት የማይችል ሰው ዎልቨርሃምፕተን ሄዶ የታክሲ ፈቃድ ያወጣል። መቶ ኪሎ ሜትር ቀርቦ አርባ እርምጃ ራቀ።

በእኛ እድር ግን እንዲህ የለም። በእድራችን ቦልተንም ማንቸስተር ነው፣ ኦልደምም ማንቸስተር ነው፣ ስቶክፖርትም ማንቸስተር ነው። ሐዘን ከተሰማ ማንም 200 ሜትር ሜዳ አይለካም፤ መኪና ያለው የሌለውን ጭኖ ይሄዳል። እድራችንን ያስቸገረው ከሐዘኑ በኋላ ያለው ነው። እዚህ አገር ብዙ ካውንስሎች ከወሰናቸው ውጭ ይኖር ለነበረ ሟች የመቃብር ቦታ ሲሸጡ ዋጋ ይጨምራሉ። ዕድሜውን ሙሉ «የማንቸስተር ልጅ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ካረፈ በኋላ ፖስት ኮዱ ይጠየቃል። ዘመዶቹና ወዳጆቹ ያሉበት መካነ መቃብር ወንዙ ማዶ ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚሸፍነው የእድሩ ሣጥን ነው።

በአንዱ ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዣችን ይህን በቁጥር አስረድተው ሲያበቁ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። በዕድሜ የገፋን አባላት ጤናችን ሳይጓደል በፊት ዋጋው ወደሚቀንስበት ወረዳ ቤት ብንቀይርስ? አሉ። ሣቅ ሆነ። ሰብሳቢው ግን አልሣቁም፤ የቢኑን ቀለም ማን ያስተምራቸዋል? ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ሐሳቦች በቃለ ጉባኤ ተይዘዋል።